የአያቶች ምድጃ በደሴ

ምድጃ በደሴና በዙሪያዋ በቆዩ ቤቶች ጓዳ ውስጥ በሦስት ጉልቻና በጭቃ የሚሠራ የእሳት ቦታ ነው። እንጀራ ይጋገርበታል፣ ወጥ ይሠራበታል፣ ንፍሮ ይቀቀልበታል፣ ቤትም ይሞቅበታል። ንጉሥ ሚካኤል ስላሠሩት የአይጠየፍ አዳራሽ ብዙ ተጽፏል፤ ወሎን ያህል እንግዳ ተቀባይ አገር ሲመግብ ስለኖረው ጓዳ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው።

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ተወርዶ በ1,850 ሜትር አካባቢ ናት። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ባቄላና ሽምብራ ቶሎ አይበስሉም፤ ንፍሮ ማታ ተጥዶ በረመጥ ላይ ቢያድር የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ብርዱ ምድጃውን ወደ ቤት ውስጥ ሲያስገባው፣ ሞቃታማዋ ኮምቦልቻ ግን ከቤት ወጣ ያለ ማድቤት ይበቃታል። የሊጥ ዕቃም በደሴ ከምድጃው ጎን ይቀመጣል፤ ከእሳት የራቀ ሊጥ በክረምት አንድ ቀን ዘግይቶ ይቦካል።

ለጉልቻ የሚመረጠው ጥቁር፣ ድፍንና ደረቅ ድንጋይ ነው። ከወንዝ በቀጥታ የተነሣ ድንጋይ በውስጡ የያዘው እርጥበት ሲግል ይተናል፤ መውጫ ሲያጣም ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል፣ አንዳንዴም ያፈነዳዋል። የምጣድ ጉልቻ ሰፋ ብሎ ይጎለታል፣ የድስቱ ጠበብ ይላል። ቁመቱ አንድ ስንዝር ገደማ ነው፤ ከዚያ ካነሰ እሳቱ አየር ያጣና ይጨሳል፣ ከበዛ ነበልባሉ ምጣዱ ሳይደርስ ማገዶው ያልቃል። በጉልቻዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከጤፍ ጭድ ጋር ለቀናት በቦካ ጭቃ ይመረጋል። ከፊት የማገዶ ማስገቢያ አፍ፣ ከኋላ ትንሽ የጭስ መውጫ ይተዋል። ጭዱ ካነሰ ጭቃው ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። አፉ ወደ በር ከዞረ ደግሞ የጦሳ ነፋስ ነበልባሉን ወደ አንድ ወገን እየገፋ እንጀራውን ግማሹን ጥሬ፣ ግማሹን አራራ ያደርገዋል።

የምድጃው ትልቁ ሥራ ምጣድ ነው። ከሸክላ ሠሪ የመጣ አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ አይለቅም። መጀመሪያ በለስላሳ እሳት ቀስ ተብሎ ይሞቃል፤ በድንገት ነበልባል የነካው ምጣድ ይሰነጠቃል። ሲግል የተወቀጠ ጎመን ዘር ይበተንበታል፣ ዘሩ እየጨሰ ዘይቱን እስኪለቅ በማሰሻ ጨርቅ እየታሸ ይዞራል፣ ፊቱ ጠቁሮ እስኪያብለጨልጭም ይደጋገማል። የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ለገበታ አይቀርቡም። ከዚያ በኋላም በየእንጀራው መካከል ምጣዱ በማሰሻ መታሸት አለበት። ሊጡ ከዳር ወደ መሐል እየዞረ ይፈስሳል፣ ዓይን ሲያወጣ አክንባሎ ይደፋበታል፣ ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ውስጥም በሰፌድ ይወጣል። ምጣዱ ካልጋለ ዓይን አያወጣም፤ ከልክ በላይ ከጋለ ሊጡ ገና ሳይዞር ይይዛል። እሳቱ መሐል ብቻ ከተከመረ ዳሩ አይነሣም፤ ስለዚህ ማገዶው በጉልቻዎቹ ዙሪያ ይበተናል።

ለዚህ ሥራ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ይመረጣል፤ ቅጠሉ ዘይት ስላለው በቅጽበት ይነድዳል፣ ቶሎም ይጠፋል፣ ስለዚህ ጋጋሪዋ እሳቱን እንዳሻት ከፍና ዝቅ ታደርገዋለች። ባሕር ዛፍ ወደ አገሪቱ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ኩበት በዝግታ የሚነድ በመሆኑ ለድፎ ይሆናል። ምጣዱ ላይ የኮባ ቅጠል ተነጥፎ ሊጡ ይፈስሳል፣ በቅጠል ተሸፍኖ ክዳን ይደረግበታል፣ ክዳኑ ላይም የኩበት ፍም ይበተናል። የታች እሳት ከበረታ ሥሩ አርሮ ልቡ ሊጥ ይሆናል። የኩበት ጭስ ለዳቦው መዓዛ ይሰጠዋል የሚሉ አሉ።

ማታ እሳቱ ይዳፈናል። ፍሙ ወደ መሐል ተሰብስቦ ወፍራም ትርኳሽ ይጨመርበትና አራት ጣት ውፍረት ባለው አመድ ይሸፈናል። አመዱ ከሳሳ ሌሊቱን ነድዶ ያልቃል፤ ከተጠቀጠቀ ታፍኖ ይሞታል። ጠዋት አመዱ ተገልጦ ጭራሮ ይጨመርና እፍ ይባላል። የጠፋበት ቤት ጎረቤት ሄዶ በገል እሳት ይጭራል፤ ገሉ ላይ ከፍሙ ሥር አመድ የሚነጠፈው እጅ እንዳያቃጥል ነው።

ከምድጃው በላይ ያለው ቆጥ ለዘር የሚሆን በቆሎና በርበሬ የሚቀመጥበት ነው፤ ጭሱ ነቀዝን ያርቃል። ይኸው ጭስ ግን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፣ ከሁሉ በላይ በእናት ጀርባ ያለ ሕፃንን። ከሰል ደግሞ ጭስ ስለሌለው የሚያታልል ነው፤ ለሙቀት ተብሎ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማንደጃ ይዞ መተኛት ሽታ በሌለው ጋዝ ይገድላል።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. የተቀረጸው ምርት ምድጃ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራ ሲሆን እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልል ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። በከተማው የኤሌክትሪክ ምጣድ እየበዛ ነው፤ መብራት ሲጠፋና የድግስ ድፎ ሲጋገር ግን ጉልቻው ዛሬም ይጎለታል።