በጎንደር ቤት ገዝቶ ማደስ፣ ማከራየትና በካርታው መልሶ መበደር

በጎንደር ያረጀ ቤት ገዝቶ አድሶ ማከራየት፣ ቀጥሎም የዚያኑ ቤት ካርታ አስይዞ ተበድሮ ሌላ መግዛት፣ በትንሽ ገንዘብ ወደ ቤት ንግድ የሚገቡ ሰዎች የሚሞክሩት መንገድ ነው። የሚሳካው ካርታው ንጹሕ ሲሆንና እድሳቱ የባንኩ መሐንዲስ ዋጋ የሚሰጠው ዓይነት ሲሆን ነው። አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው በሁለተኛው ላይ ነው።

ታሪካዊ ዳራ

ከተማዋን በ1628 ዓ.ም. ገደማ የመሠረቷት ዐፄ ፋሲለደስ ናቸው። በግንቦቹ ሥራ የውጭ ባለሙያዎች ምን ያህል እንደተሳተፉ ያከራክራል፤ የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አንጥረኞች ሙያ ግን የታወቀ ነው፣ ድንጋይና ኖራው ከነጥራቱ እስከ ዛሬ ቆሟል። የፒያሳ ሕንፃዎች አብዛኞቹ ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ከነበረው የጣሊያን ወረራ ጊዜ የቀሩ ናቸው።

የዛሬውን የቤት ገበያ የቀረጸው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። አዋጁ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ፈቀደ፣ ለመኖሪያ የሚሰጠውንም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ ገቡ። በአራዳና በቅዳሜ ገበያ ዙሪያ በአንድ ግቢ ውስጥ የግልና የቀበሌ ቤት ተጎራብተው የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለ ግቢ የሚገዛ ሰው የትኛው ክፍል በካርታው ውስጥ እንደሆነ ሜትር ይዞ ራሱ ይለካ። የቀበሌ ክፍል አይሸጥም፤ የሸጠውም ገንዘቡን አይመልስም።

መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት አይሸጥም አይለወጥም፤ የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤት ነው። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ) ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጭ ለሌላ ሲተላለፍ ገዥው ቦታውን የሚይዘው በሊዝ፣ ማለትም ለተወሰነ ዘመን ለመንግሥት እየከፈለ ነው። «ነባር ነው፣ ሊዝ የለበትም» የሚለው የደላላ ማባበያ እንግዲህ የሚሠራው ለሻጩ እንጂ ለገዥው አይደለም። የመኖሪያ ሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው።

ግዢ

ቀብድ ከመስጠት በፊት ከመሬት ጽሕፈት ቤቱ ፋይሉ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ይጠየቃል። ሻጭ ባለትዳር ከሆነ የሁለቱም ፊርማ፣ ካልሆነ ያላገባ ማስረጃ፤ ቤቱ የውርስ ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫና የወራሾች ሁሉ ፊርማ ያስፈልጋል። አንድ እህት አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ሆና ውክልና ሳትልክ የተፈረመ ውል በኋላ ቤቱን ለዓመታት ፍርድ ቤት ያቆየዋል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በውልና ማስረጃ ወይም በፍርድ ቤት ፊት መደረግ አለበት (ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723)። ቀብድ የሰጠ ገዥ ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ሻጭ ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል።

እድሳት

የሚገዛው ቤት ብዙ ጊዜ የባህር ዛፍ ቋሚ፣ ማገርና በጤፍ ጭድ የተቦካ ጭቃ ያለው ነው። ሥራው ከላይ ወደ ታች ይሄዳል፤ ጣሪያው ሳይጠገን ግድግዳ የለሰነ ሰው ሐምሌ ሲገባ ሁለተኛ ይከፍላል። የዛገው ቆርቆሮ ይነሳል፣ ወራጁ ይፈተሻል፣ የጣሪያው ክንፍ ከግድግዳው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር እንዲወጣ ይደረጋል፣ አሸንዳ ይገጠማል፣ የአሸንዳው ውሃም ከመሠረቱ የሚያርቀው ቦይ ይቆፈርለታል።

ከዚያ ቋሚዎቹ ናቸው። መሬት የነካው ጫፋቸው በምስጥና በእርጥበት ይበሰብሳል፤ በብረት ሲወጋ ቢላ የገባበት ዱባ ያህል ይለሰልሳል። አንድ በአንድ ብቻ ይቀየራሉ፦ አጠገቡ ድጋፍ ይቆማል፣ የበሰበሰው ጫፍ ተቆርጦ ይወጣል፣ በቦታው ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ የድንጋይና የሲሚንቶ እግር ይገነባል፣ ቋሚውም በላዩ ያርፋል። ሁለት አጎራባች ቋሚ በአንድ ቀን ከተነሳ ግድግዳው ያዘማል፤ በሮችም መዝጋት እምቢ ይላሉ። መረሬ አፈር ባለበት ሜዳ ደግሞ አፈሩ ክረምት አብጦ በጋ ስለሚሰነጠቅ፣ መረሬው እስከ ጠንካራው መሬት ተዝቆ ካልወጣ የትኛውም ልስን አይቆይም።

በጭቃ ግድግዳ ላይ በቀጥታ የተለሰነ ሲሚንቶ ጭቃው ሲኮማተርና ሲያብጥ አብሮት ስለማይሄድ በሁለት ክረምት ውስጥ እንደ ቅርፊት ይላቀቃል። መፍትሔው ወይ 1 ኖራ ለ3 አሸዋ የሆነ ልስን ነው፣ ወይ በግድግዳው ላይ ሽቦ መረብ በሚስማር መትቶ በዚያ ላይ መለሰን። አዲሱ ጭቃ ቢያንስ ሳምንት እየተረገጠ መቡካት፣ ከተመረገ በኋላም ከሦስት እስከ አራት ሳምንት መድረቅ አለበት። ስለዚህ የጭቃ ሥራ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው።

ወለሉ 25 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ተጠቅጥቆበት በላዩ 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት በ1 ለ2 ለ4 (ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር) ይፈሳል። ለ4 በ4 ክፍል 1.6 ሜትር ኩብ ማለት ሲሆን 10 ከረጢት (5 ኩንታል) ሲሚንቶ ይፈጃል። በጎንደር ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ ግዴታ ነው፤ 2,000 ሊትር ሲሞላ 2 ቶን ስለሚመዝን በጭቃ ግድግዳ ላይ ፈጽሞ አይጫንም። ለእያንዳንዱ ተከራይ የራሱ ንዑስ ቆጣሪ ካልተገጠመ የመብራት ክፍያ ጠብ በየወሩ ነው።

አንድ ፎቅ የሌለው አነስተኛ ቤትም ቢሆን መዋቅሩን ለሚነካ እድሳት በሕንፃ ሕጉ መሠረት ፈቃድ ይፈልጋል። ከፋሲል ግቢ አጠገብ ከሆነ የቅርስ ፈቃድም አለ፤ ግቢው እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፣ ሊሆንም ይገባዋል።

ኪራይ

ዋናው ተከራይ በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች፣ በማራኪና በቴዎድሮስ፣ ዙሪያ ያለው ሠራተኛና ተማሪ ነው። በአዋጅ 1320/2016 የመኖሪያ ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይበልጥም፤ አፈጻጸሙ እንደየክልሉ ስለሚለይ በክፍለ ከተማው ይጠየቃል። የኪራይ ገቢ በገቢ ግብር ሕጉ ሠንጠረዥ «ለ» ግብር ይከፈልበታል። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት ተከራይንም ቢሮንም ያስተጓጉላል።

መልሶ መበደር

ባንክ የሚያየው የመሐንዲሱን ግምት ነው። ግምቱ የሚነሳው ሕንፃውን ዛሬ ለመሥራት ከሚያስወጣው ወጪ የእርጅና ቅናሽ ተቀንሶ ነው። ኮርኒስ፣ ቀለምና የታጠበ ግቢ ኪራይ ያስጨምራሉ፣ ግምቱን ግን እምብዛም አያነሱም፤ ድንጋይ መሠረት፣ ብሎኬት ግድግዳና ፈቃድ ያለው ተጨማሪ ክፍል ያነሱታል። የጭቃ ቤትን ብዙ ባንክ በዝቅተኛ ግምት ይይዛል ወይም አይቀበልም። ካርታ ላይ ያልሰፈረ ሰርቪስ ደግሞ ቢያምርም እንደሌለ ይቆጠራል።

ለምሳሌ ቤቱ 2,000,000 ብር ቢገመትና ባንኩ 70 በመቶውን ቢሰጥ 1,400,000 ይሆናል። በ16 በመቶ ወለድ በ10 ዓመት ሲከፈል ወርሃዊው 23,450 ብር ገደማ ነው። አምስት ክፍል እያንዳንዱ በ3,000 ብር ቢከራይ 15,000 ይገባል፤ ቀሪው 8,450 ከደመወዝ ይሞላል፣ ባዶ የሚቆይ ክፍል ሳይቆጠር። ይህን ሳያሰሉ የሚቀጥለውን ቤት ቀብድ መክፈል የዚህ ሥራ ዋና መውደቂያ ነው። በነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ሲገድብ ቃል የተገባ ብድር ሳይቀር የዘገየባቸው ነበሩ፤ ገደቡ በኋላ ከፍ ብሏል። ስለዚህ ሁለተኛው ቤት ላይ ቀብድ የሚሰጠው ብድሩ ሒሳብ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

መያዣው በመሬት ጽሕፈት ቤቱ ይመዘገባል፤ ምዝገባው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ለ10 ዓመት ይጸናል። ተበዳሪ ካልከፈለ በአዋጅ 97/1990 መሠረት ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ዕዳው ተከፍሎ ሲያልቅ የባንኩ የመያዣ ማንሻ ደብዳቤ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ተወስዶ እገዳው ከፋይሉ መነሳቱ በጽሑፍ ይረጋገጣል፤ ባንኩ በራሱ ያነሳዋል ብሎ የተወው ሰው እገዳውን የሚያገኘው ቤቱን ሊሸጥ ሲሄድ ነው።