ካርቦን ሞኖክሳይድ ምንድን ነው? ከሲሊንደር የሚያፈስ ጋዝ አይደለም

«ሲሊንደሩ ካላፈሰሰ ካርቦን ሞኖክሳይድ የለም። ሸተተህ? ዝጋው። አልሸተተህም? ተኛ።» ይህን ምክር ሰሞኑን እንደገና ሰማሁት። ሰውየው በሙሉ ልብ ነው የተናገረው። ጎንደር ላይ የጋዝ ማሞቂያና ምድጃ ስጠግን ስለምውል ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ይህ ምክር ሰው ይገድላል።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲሊንደር ውስጥ የለም። እዚያ ያለው ቡቴንና ፕሮፔን ነው። የሚሸተን ደግሞ ሲያፈስ እንዲታወቅ ሆን ተብሎ የተጨመረበት ጠረን ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚፈጠረው እሳቱ ውስጥ ነው። ጋዙ በቂ አየር ካገኘ ተቃጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይሆናል። አየር ሲያጥረው ቃጠሎው ሳይሟላ ይቀርና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ጠብታ የማያፈስ፣ ጎማውና ሬጉሌተሩ አዲስ የሆነ ማሞቂያ ቤተሰብ ሊጨርስ ይችላል። ጭሱ ያለቀ የከሰል ፍምም እንደዚያው ነው።

ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ላስረዳ። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚያመላልሰውን ሄሞግሎቢን ከፒያሳ አዘዞ እንደሚሠራ ታክሲ አስቡት። አራት ወንበር አለው። ኦክስጅን ሳንባ ላይ ይሳፈራል፤ አንጎልና ልብ ጋ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ብሎ ይወርዳል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ወንበሩን የሚይዘው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ጉልበት ነው። በቀላሉ አይወርድም። ይባስ ብሎ በሩ ላይ ተቀምጦ ሌሎቹም እንዳይወርዱ ያስቸግራል። ታክሲው ሞልቶ ይመላለሳል፣ የሚጠበቀው ሰው ግን አይደርስም። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያም የሚቆጥረው የተያዘ ወንበር ነው፤ ማን እንደተቀመጠበት አይለይም። ሰውየው እየታፈነ መለኪያው ደህና ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ሆስፒታል ንጹህ ኦክስጅን የሚሰጠውም ብዙ ተሳፋሪ እየተጋፋ እንዲያስወርደው ነው።

አሁን ወደ ምድጃው። ምክር ሰጪው «ጥቁሩን ጥረጉት፣ ጸዳ ማለት ነው» ብሏል። ጥቀርሻው እኮ የቃጠሎው ምልክት ነው። ዛሬ ጠርጌው በሳምንቱ ከተመለሰ እሳቱ አየር እያጣ ነው ማለት ነው። ጥቀርሻ አለመኖሩም ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ባለ ጋዝ ፋየርፕሌስ (መስታወት ውስጥ እንጨት የሚነድ የሚመስል የጋዝ ማሞቂያ) ሲጸዳ መስታወቱ ትንሹ ሥራ ነው። ጋዙ ተዘግቶ፣ ሁሉም ነገር ቀዝቅዞ፣ አሞኒያ በሌለው ማጽጃና በለስላሳ ጨርቅ ይወለወላል። ዋናው ሥራ በርነሩ፣ ማለትም ነበልባሉ የሚወጣበት ክፍል፣ እና አየር የሚስብበት ቀዳዳ ነው። እዚያ አቧራ ይጋገራል፣ ሸረሪት ድር ትሠራለች። ያቺ ቀጭን ድር አየሩን ለማጉደል ትበቃለች። በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳል። ጋዙ የሚወጣባትን ቀጭን አፍ ግን በመርፌ ወይም በሽቦ የሚጎረጉር ሰው አያስነኳት። ለዓይን በማይታይ መጠን ከሰፋች ጋዙ ይበዛል፣ አየሩ ባለበት ይቀራል። እንጨት መሳይ ሴራሚኮቹም ወደ ነበሩበት ቦታ በትክክል ይመለሱ። ለውበት ተብሎ ሲዘዋወሩ ነበልባሉ እነሱ ላይ ያርፍና ሳይቃጠል ይቀዘቅዛል።

ስለ ነበልባል ቀለም አንድ ነገር ልጨምር። «ቢጫ ከሆነ አደጋ ነው» የሚለው ለማብሰያ ምድጃ ይሠራል፤ እዚያ ሰማያዊ መሆን አለበት። እንጨት መሳዩ ፋየርፕሌስ ግን ለእይታ ሲባል ቢጫ እንዲነድ ነው የተሠራው። እዚያ የሚያሳስበኝ የነበልባሉ ጫፍ ሲጠቁር ወይም ጥቀርሻ ሲያበዛ ነው።

የእኛ አገር ከፍታ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ጎንደር ከባህር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ደባርቅ ከ2,800 ያልፋል። ጎንደር ላይ በአንድ ክፍል ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከባህር ዳርቻ ከተማ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ለቆላ ተስተካክሎ የተሠራ ማሞቂያ እዚህ መጥቶ ሲነድ ጋዙ ይበዛበታል። አፉ በባለሙያ በጠበበ መቀየር አለበት። ጭስ ማውጫ ከሌላቸው ማሞቂያዎች አንዳንዶቹ ኦክስጅን ሲቀንስ በራሱ የሚጠፋና ጋዙን የሚያዘጋ ፓይለት (ትንሽ የመለኮሻ ነበልባል) አላቸው። ከፍታ ላይ ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። ያኔ ሰው «ተበላሽቷል» ይልና እንዳይጠፋ አድርጎ ያስቀጥለዋል። ለክፍሉ የቀረውን ብቸኛ ጠባቂ አሰናበተ ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ሥራ ሲመጣብኝ አልቀበልም። በሐምሌ ብርድ የበሩን ሥር በጨርቅ፣ የአየር ማስገቢያውን በፌስታል መጠቅጠቅም ያው ነው።

ማስጠንቀቂያ መሣሪያ የምትገዙ ደግሞ ሁለት ዓይነት መሆኑን እወቁ። ቡታጋዝ ከአየር ስለሚከብድ የሱ መሣሪያ ወለል አጠገብ ይሰቀላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከአየር በጥቂቱ ስለሚቀል ክፍሉን ሁሉ ይሞላል፤ የሱ መሣሪያ መኝታ አካባቢ ይሁን። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

መመረዙ ሲጀምር ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ነው። ሰው «ምች መታኝ» ይልና ዳማከሴ አሽቶ እዚያው ክፍል ይተኛል። እሳት ባለበት ቤት ብዙ ሰው አንድ ላይ ራሱን ካመመው፣ ወይም ውጭ ሲወጣ ከተሻለው፣ ምች አይደለም። ሁሉንም ሰው አስወጡ። በር መክፈትና ጋዙን መዝጋት የሚቻለው በመንገዳችሁ ላይ ከሆነ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ሆስፒታል፤ ቤት ውስጥ እሳት ሲነድ እንደነበር ለሐኪሙ ሳይጠየቅ ንገሩት።