«ስንተኛ ወርሽ ነው?»፦ ስለ ጡት አልትራሳውንድ የሚባለውና እውነታው

ፒያሳ፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ፣ አልትራሳውንድ ክፍል በር ላይ ጓደኛዬን አጅቤ ተቀምጫለሁ። አጠገቧ የነበሩ እናት ዞር ብለው «ስንተኛ ወርሽ ነው ልጄ?» አሏት። እሷ የመጣችው ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ ነው።

«አልትራሳውንድ የእርጉዝ ነው።» የእርጉዝ ብቻ አይደለም። መሣሪያው የድምፅ ሞገድ ይልካል፣ ሲመለስ ምስል ያደርገዋል። ጡት ላይ መጀመሪያ የሚፈለገው መልስ ቀላል ነው፦ እብጠቱ ውሃ ነው ወይስ ጠጣር? ሲስት የሚባለው ውሃ የቋጠረ ከረጢት ስክሪኑ ላይ ጥቁር ሆኖ፣ ጠርዙ ጥርት ብሎ ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ጠጣር ሆነ ማለትም ካንሰር ነው ማለት አይደለም። ወጣት ሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፋይብሮአዴኖማ ነው፤ ካንሰር ያልሆነ እጢ።

«ውሃ ጠጥተሽ፣ ሽንትሽን ይዘሽ ሂጂ።» ይሄ ለማህፀን ምርመራ የሚባል ነው። ጓደኛዬ ሰው መክሯት ሁለት ሃይላንድ ውሃ ጨርሳ ነበር የመጣችው። ተራዋ እስኪደርስ ስትቁነጠነጥ ማየት ነበር! ለጡት ምንም ዝግጅት አያስፈልግም። ቆዳ ላይ የሚቀባው ጄል ትንሽ ይቀዘቅዛል፣ በቃ።

«ጨረር አለው፣ ለምታጠባ አይሆንም።» ጨረር የለውም። ለምታጠባም ለነፍሰ ጡርም ይሆናል።

«አልትራሳውንድ ከተነሳሁ ማሞግራም ለምኔ?» ማሞግራም የጡት ራጅ ነው፤ የትኛው እንደሚያስፈልግ ዕድሜ ይወስነዋል። ከ30 ዓመት በታች ላለች ሴት አብዛኛውን ጊዜ የሚቀድመው አልትራሳውንድ ነው። የወጣት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ማሞግራም ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ እጢውም ነጭ ነው፣ ይደበቃል። ከ40 በላይ ከሆነች ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱም ይታዘዛሉ። እንደ አሸዋ የደቀቁ የካልሲየም ነጠብጣቦችን ማሞግራም ነው አጥርቶ የሚያሳየው።

«ካላመመኝ ምን አስጨነቀኝ?» እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም።

«ብረት ከነካው ይሰራጫል።» ይህን በር ላይ ተቀምጠን ሁለት ሰው ነገረን። እውነት አይደለም። በመርፌ ናሙና መውሰድ ካንሰርን አያሰራጭም። ወሬው የመጣው፣ እንደኔ ግምት፣ ብዙ ሰው ሐኪም ቤት የሚደርሰው ከረፈደ በኋላ ስለሆነ ነው። ጥፋቱ በመርፌው ይላከካል። ምስል ይጠቁማል እንጂ ካንሰር መሆን አለመሆኑን የሚለየው ናሙናው ነው። ሐኪሙም መርፌውን አልትራሳውንዱ ላይ እያየ ነው የሚያስገባው።

«ባይራድስ 3 ማለት ሦስተኛ ደረጃ ካንሰር ነው።» ወደ አራት ኪሎ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ጓደኛዬ ወረቀቷን ስታነብ ፊቷ ልውጥ አለ። «ደረጃ 3 ነኝ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ቁጥሩ ግን የካንሰር ደረጃ አይደለም። ከ0 እስከ 6 የሚሄድ፣ ምስሉ ምን ያህል እንደሚያጠራጥር የሚገልጽ መለኪያ ነው። 2 ምንም ጉዳት የሌለው ነው። 3 ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከ2 በመቶ አይበልጥም፤ ክትትል ይበቃዋል። 4 እና 5 ናሙና ይወሰድባቸው ማለት ነው። 0 ደግሞ «ንጹህ» ሳይሆን ምርመራው አልተሟላም ማለት ነው፤ እሱን ይዞ ቤት መቀመጥ የለም።

ከስድስት ወር በኋላ ተመለሽ ተብላለች። ወረቀቱን ከነምስሉ በፌስታል ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። የድሮው ከሌለ ማደግ አለማደጉ በምን ይወዳደራል?