የፊልም መክፈቻ ልብ የሚያንጠለጥለው በምንድን ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ተመልካቹ የሚጓጓው ምንም ሳያውቅ ሲቀር ነው።» በደብረ ብርሃን የፊልም ድርሰት ከሚሞክሩ ወጣቶች ደጋግሜ የምሰማው፣ ከሁሉም ይልቅ ሥር የሰደደው ስሕተት ይህ ነው። ምንም ያላወቀ ሰው ግራ ይጋባል እንጂ አይጨነቅም። በልብ አንጠልጣይ ፊልሞቹ የሚታወቀው ዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክ ከፈረንሳዊው ዳይሬክተር ፍራንሷ ትሩፎ ጋር ባደረገውና እ.ኤ.አ. በ1966 በመጽሐፍ በወጣው ቃለ ምልልስ እንዳስረዳው፣ ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ ቦምብ በድንገት ቢፈነዳ ድንጋጤው 15 ሰከንድ ነው፤ ቦምቡ መኖሩን ተመልካቹ አስቀድሞ ካወቀ ግን የሰዎቹ ተራ ጨዋታ 15 ደቂቃ ሙሉ ያስጨንቀዋል።

ይህን ወደ አገራችን መንገድ እናምጣው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ፣ አንድ የጭነት መኪና ከጣርማ በር ዋሻ አፍ ላይ ቆሟል። ሾፌሩ በርኖሱን ደርቦ፣ ረዳቱን «ደብረ ሲና ስንደርስ ቆሎ ትገዛልናለህ» ይለዋል፤ ልጁም «እሺ ጋሼ» ብሎ ይሳፈራል። ካሜራው ግን ከኋላ ጎማ ሥር ወርዶ፣ ጠብ ጠብ የሚለውን የፍሬን ዘይት ለእኛ ብቻ ያሳየናል። ከዋሻው ወዲያ ያለው ቁልቁለት ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ ሰው፣ ያቺ የቆሎ ወሬ ከማንኛውም ዛቻ ትከብዳለች።

«ጭጋግና ከባድ ሙዚቃ ካለ ይበቃል» የሚሉም አሉ። የጣርማ በር ጭጋግ ለካሜራ እንደሚያምር አልክድም፤ ለአካባቢው ሰው ግን የዘወትር እንግዳ ስለሆነ ብቻውን አያስፈራም። ጣሊያናዊው ዳይሬክተር ሰርጂዮ ሊዮኔ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው «Once Upon a Time in the West» በተባለው የካውቦይ ፊልም መክፈቻ ላይ ሦስት ታጣቂዎች ባቡር ሲጠብቁ የምንሰማው ሙዚቃን ሳይሆን የንፋስ ወፍጮ ሲንቋረር፣ ባርኔጣ ላይ ውኃ ሲንጠባጠብ፣ አንዲት ዝንብ ስትጮኽ ነው። ጆሯችን የሚቆመው ድምፆቹ ትንንሽ ስለሆኑ ነው።

«በተኩስ ወይም በግድያ ካልተጀመረ ሰው ይነሣል» ለሚሉት መልሱ አጭር ነው፤ የተፈጸመ ግድያ ጥያቄ ካላስከተለ ዜና ነው።

በመጨረሻም፣ የተነሣው ጥያቄ በዚያው ትዕይንት መመለስ አለበት የሚል ግዴታ የለም። መኪናችን ዋሻው ውስጥ ገብቶ የኋላ መብራቱ ሲሰወር የፊልሙ ርእስ ቢወጣ፣ ቀጣዩም ትዕይንት ደብረ ሲና ላይ ቆሎ በምትሰፍር ሴት እጅ ቢጀምር፣ ተመልካቹ ከእጇ ይልቅ ከኋላዋ ያለውን መንገድ ያያል።