ዜብራ ምንድን ነው?

ስለ እንስሳው አይደለም። እሱ በአማርኛ የሜዳ አህያ ነው፣ ማንንም አስቸግሮ አያውቅም። የማወራው ስለ አስፋልቱ ዜብራ ነው። ወረቀት ላይ "የእግረኛ ማቋረጫ" እንለዋለን፤ ከቢሮ ስንወጣ ግን ሁላችንም ዜብራ ነው የምንለው። ምን እንደሚመስል ለማንም አልነግርም።

ይህን የምጽፈው ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ የሰማሁት ሬዲዮ አናዶኝ ነው። ውይይቱ ትምህርት ቤት በር ላይ ስለሚደርስ የመኪና አደጋ ነበር። አንድ አድማጭ ደወለና ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ዘጋው። "ዜብራ ይቀባ። ከዚያ ወዲያ ከዜብራ ውጭ የተሻገረ ጥፋቱ የራሱ ነው!" አዘጋጁ "ትክክል" አለ። ታክሲው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ብቻ አኮረፍኩ። የመንገድ ንድፍ እንጀራዬ ነው፣ ይህን አባባል ደግሞ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቁጥሩ ጠፍቶኛል።

ሰውየው ዜብራን እንደ አጥር ነው ያሰበው። ዜብራ አጥር አይደለም። ንግግር ነው። ለሹፌሩ "እዚህ ጋ ሰው ይሻገራል" ይለዋል፣ ለእግረኛው "እዚህ ጋ ተሻገር" ይለዋል። በቃ። የመኪና ፍሬን አይይዝም።

አመጣጡም ይህንኑ ነው የሚያሳየው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ መሻገሪያዎቻቸውን በብረት ምስማርና በመብራት ምሰሶ ነበር የሚያመለክቱት። ምስማሩን እግረኛው ያየዋል፤ ሹፌሩ ግን ከሩቅ አያየውም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1951 ስላው በምትባል ከተማ ነጭና ጥቁር ሰንጥቀው ቀቡት። ቅቡ የመጣው ሹፌሩ መሻገሪያውን ቀድሞ እንዲያየው ነው። ማየትና መቆም ግን ለየቅል ናቸው።

እኔ ዜብራን በቼክ ነው የማስረዳው። ቼክ ወረቀት ነው። ዋጋ የሚሰጠው ባንክ ያለው ገንዘብ ነው። የዜብራም ገንዘቡ የመኪናው ዝግታ፣ የመንገዱ መጥበብና የእይታው ግልጽነት ነው። እነዚህ ከሌሉ ቅቡ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ነው። የወንጀል ሕጋችን ደግሞ ስንቅ የሌለው ቼክ የሚያወጣውን ነው የሚቀጣው። ቼኩን ይዞ መስኮት ላይ የቀረበውን ማን ይከሳል? ሬዲዮ ላይ የደወሉት ሰውዬ ግን አቅራቢውን ነው የከሰሱት። ያውም አቅራቢዋ የ7 ዓመት ልጅ ናት፤ ሂሳቡ ውስጥ ስንት እንዳለ አይታ አታውቅም። ያመነችው ቅቡን ነው። ቅቡን የፈረምነው ደግሞ እኛ መሐንዲሶች ነን።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ለሥራ አንድ ትምህርት ቤት ፊት ለፊት ጠዋት ጠዋት እቆም ነበር፤ በአንድ እጄ ሰዓት፣ በሌላው ማስታወሻ። መንገዱ አራት ረድፍ ነው፣ ሁለት በዚህ፣ ሁለት በዚያ፣ መሀል አካፋይ የለውም። ዜብራው አዲስ ነው፣ ያበራል። አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት የልጅ ልጃቸውን እጁን ይዘው ወረዱ። ሚኒባሱ በጨዋ ደንብ ቆመ። ሹፌሩ በእጁ "እለፉ እማማ" አለ። አለፉ። የሚኒባሱን አፍንጫ እንዳለፉ በሁለተኛው ረድፍ አንዲት ቪትዝ ተፈተለከች። ሴትዮዋ ልጁን በቦርሳው ማንጠልጠያ ወደ ኋላ ሳቡት። ምሳ ዕቃው አስፋልቱ ላይ ተንከባለለ። ሌላ ምንም አልሆነም። ማስታወሻዬ ላይ "19 ሰከንድ" ብዬ ጻፍኩ፣ እጄ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

የቪትዟ ሹፌር ክፉ ሰው ነበር? እንጃ። የሚኒባሱ ቁመት እናትየውንም ልጁንም ጋርዶበታል። አንዱ ሹፌር ለእግረኛ ሲቆም ለሌላው ሹፌር መጋረጃ ይሆናል። ከአንድ በላይ ረድፍ ባለበት ሁሉ ይህ አደጋ አለ፤ ቅቡ የቱንም ያህል ቢነጣ አያጠፋውም።

አሁን ትንሽ ሒሳብ። አራት ረድፍ፣ እያንዳንዱ 3.5 ሜትር ቢሆን 14 ሜትር ነው። የትራፊክ መብራት ስናሰላ ሰው በሰከንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል የሚል የቆየ ልማድ አለን። እንግሊዝ አገር 65 ዓመት ያለፋቸውን ሰዎች ለክተው እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት አለ። አማካዩ ለወንዶቹ 0.9፣ ለሴቶቹ 0.8 ሜትር ነው። (የተለካው ቤት ውስጥ በአጭር ርቀት ነው፣ ዘንቢል ተይዞ አይደለም። እኛ አገር ደግሞ ዘንቢል አለ፣ ዳገት አለ።) በ0.8 ሲሄዱ 14 ሜትር 17.5 ሰከንድ ይፈጃል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በዚያ ጊዜ 243 ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ እማማ ከመውረዳቸው በፊት 243 ሜትር ርቆ ያለውን መኪና አይተው፣ ፍጥነቱን ገምተው መወሰን አለባቸው። ከሁለት የኳስ ሜዳ በላይ ነው። እኔ በመነጽሬም አልችልም።

መሀል ላይ ሰው ተረጋግቶ የሚቆምበት ደሴት ሥሩ። ፍጥነቱን ወደ 30 አውርዱት። ያው ሴትዮ አሁን የሚሻገሩት 7 ሜትር ብቻ ነው፣ መገመት ያለባቸውም 73 ሜትር ርቆ ያለውን መኪና ነው። የሹፌሩም ነገር ይቀየራል። በ50 የሚሄድ ሹፌር አይቶ እስኪቆም ወደ 28 ሜትር ይፈልጋል፤ በ30 ከሆነ 13 ሜትር ይበቃዋል። ይህ በደረቅ አስፋልት፣ በደህና ጎማ፣ ንቁ ሹፌር ይዤ ነው። በሐምሌ ዝናብ ሌላ ሒሳብ ነው።

"ልጆችን እናስተምራቸው" የሚለውም ይመጣል። አስተምሩ፣ ማን ከለከለ። ግን አሜሪካ፣ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ፣ ልጆችን በኮምፒውተር በተሠራ መንገድ ደጋግመው አሻግረዋቸዋል። የ6 ዓመት ልጆች በ100 ሙከራ 8 ጊዜ ተገጭተዋል። እንደ አዋቂ መሻገር የቻሉት የ14 ዓመቶቹ ናቸው። ያውም መንገዱ ባለ አንድ ረድፍ ነው፣ መኪኖቹም ፍጥነታቸው አይቀያየርም። እኛ ልጁን አራት ረድፍ ሰጥተነው "ግራ ቀኝህን እይ" እንለዋለን።

ስለ ቅቡ ራሱ የሚጠቀሰው ትልቅ ጥናት ግን ሌላ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ያሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ነው። በ30 ከተሞች፣ የትራፊክ መብራት በሌለበት፣ ቅብ ያለባቸው 1,000 እና ቅብ የሌለባቸው 1,000 መሻገሪያዎች ተነጻጸሩ። ባለ ሁለት ረድፍ መንገድ ላይ ቅቡ መኖሩም አለመኖሩም ለውጥ አላሳየም። ከሁለት ረድፍ በላይ በሆነ፣ አካፋይ በሌለውና በቀን ከ12,000 በላይ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ግን ቅብ ብቻውን ያለበት መሻገሪያ ላይ አደጋው በዛ። አዎ፣ በዛ።

እዚህ ላይ የሙያ ባልደረቦቼንም ልቆጣ። ከዚህ ጥናት በፊት እ.ኤ.አ. በ1972 አሜሪካ፣ ሳንዲዬጎ ከተማ ላይ ተመሳሳይ ውጤት ሲወጣ አንዳንድ መሐንዲስ "እንግዲያው ዜብራውን እናጥፋው" አለ። ተገላገለ! ስንቅ የሌለው ቼክ ሲገኝ መፍትሔው ስንቅ ማስገባት ነው፣ የቼክ ደብተሩን ማቃጠል አይደለም። ሴትዮዋ እንደሆነ መሻገራቸው አይቀርም፤ ቤተ ክርስቲያኑም ትምህርት ቤቱም ማዶ ነው። (ቁጥር ስታነጻጽሩ ደግሞ በሚሻገረው ሰው ብዛት ማካፈል አትርሱ። ሰው የሚበዛበት መሻገሪያ ላይ አደጋ ቢበዛ ብቻውን ምንም አይነግረንም። ይህን የማያካፍል ሪፖርት ሳይ እንቅልፍ ይነሳኛል።)

ቼኩ ላይ ስንቅ ማስገባት ምን እንደሆነ ሰው ይጠይቀኛል። እኔ ከሁሉ የምወደው ዜብራውን ራሱን ከ7.5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ መሥራት ነው። ብሬከር ነው፣ ግን ሰፊና ጠፍጣፋ፣ ሰው የሚራመድበት። ሹፌሩ ጨዋ ሆነም አልሆነም ሾክ አብዞርበሩን ይወዳል። ቱቦውን አስባችሁ ሥሩት ታዲያ፣ አለበለዚያ ክረምት ላይ ሐይቅ ነው። ከዜብራው በፊት ባሉት ጥቂት ሜትሮች መኪና ማቆም መከልከል አለበት፤ የአንደኛ ክፍል ልጅ ከቆመ መኪና ጀርባ አይታይም። ረድፍ መቀነስም አለ፣ እሱን ሳነሳ ግን ስብሰባው ይረበሻል።

ዳሬሰላም ላይ ትምህርት ቤቶችን አንድ በአንድ እያዩ እንዲህ ያለውን ሠርተዋል። የእግረኛ መንገድ፣ ብሬከር፣ ዜብራ፣ መኪና የሚከለክል ምሰሶ። አንዳንዱ ጋ የግቢውን በር ከአውራ ጎዳናው ወደ ጓሮው መንገድ አዙረውታል። በር ማዞር! የልጆች ጉዳት ወደ 26 በመቶ ቀነሰ። ዜብራው አለ፣ ግን ብቻውን አልተላከም።

"ድልድይ ይሠራ" ለሚሉትም አንድ ቃል። ከሥሩ የጭነት መኪና እንዲያልፍ 5.5 ሜትር ያህል ከፍታ ያስፈልጋል። አንዱ ደረጃ 16 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 34 ደረጃ ወደ ላይ፣ 34 ወደ ታች። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ይህን ቆጥራችሁ ንገሯቸው። ቀለበት መንገድ ላይ ሰው ድልድዩን ትቶ አጥር የሚሾልከው በስንፍና ብቻ ይመስላችኋል?

ወደዚያ ትምህርት ቤት ልመለስ። ከቪትዟ ጠዋት በኋላ እማማን ዜብራው ላይ አላየኋቸውም። በሦስተኛው ቀን ፈልጌ አገኘኋቸው። ከዜብራው ወደ 80 ሜትር ዝቅ ብለው፣ አስፋልቱ ክፉኛ የተቦረቦረበት ቦታ ላይ ልጁን ይዘው ይሻገራሉ። መኪናው ሁሉ እዚያ ሲደርስ እየተንቀራፈፈ ነው የሚያልፈው።

"እማማ፣ ዜብራው እኮ እዚያ ላይ ነው" አልኳቸው።

"አየሁት ልጄ" አሉኝ። "እዚያ መኪናው አይፈራም። እዚህ ጉድጓዱን ይፈራል።"

ሬዲዮ ላይ በደወሉት ሰውዬ ሕግ ከሄድን ጥፋተኛዋ እሳቸው ናቸው። እኔ ግን የሚሻገሩበትን ቦታ ማስታወሻዬ ላይ ምልክት አድርጌ፣ ከፍ ያለው ዜብራ እዚያ ይሁን ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። መልስ ሳይመጣ ጉድጓዱ ተደፈነ። ጥሩ ሥራ ነው፣ ለስላሳ አስፋልት፣ በአንድ ሌሊት። በማግስቱ መኪናው በላዩ ላይ ሲፈስ እማማና ልጁ ጠርዙ ላይ ቆመዋል። ሰዓቴን ጫንኩት። 4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ቆዩ።