የመንግሥት ሰነዶችና አካል ጉዳተኞች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በሕግ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ አንድ ማየት የተሳነው ወዳጅ አለኝ። ባለፈው ክረምት አብረን ቡና እየጠጣን ሳለ ስልኩ ድምፅ ሰጠ። አንድ መሥሪያ ቤት በቴሌግራም የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ለጥፎ ኖሯል። ወዳጄ ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ገጹን በጣቱ ዳሰሰ። ስልኩ «ፎቶ» አለው። ደግሞ ዳሰሰ፤ «ፎቶ» አለው፤ ቀጥሎም የተለጠፈበትን ሰዓት ነገረው። ከዚያ በላይ የሚለው አልነበረውም። ማስታወቂያው በኮምፒውተር ተጽፎ፣ ታትሞ፣ ማኅተም አርፎበት፣ በስልክ ካሜራ ተነሥቶ የተለጠፈ ወረቀት ነበር። ተቀብዬ አነበብኩለት። የተፈለገው የትምህርት ዓይነት የእሱ ነው። የመጨረሻው መስመር ደግሞ «ሴቶችና አካል ጉዳተኞች እንዲያመለክቱ ይበረታታሉ» ይላል።

እኔ ራሴ ለዓመታት የቢሮ ሰነድ ሳዘጋጅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ፎቶ በእጄ ለጥፌ አውቃለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከባልደረቦቼም ከኃላፊዎችም የሰማኋቸውን፣ አንዳንዶቹንም እኔው ሳምንባቸው የቆየሁትን አስተያየቶች አንድ በአንድ አነሣለሁ።

«ፒዲኤፍ አድርገን ለጥፈናል፤ የፈለገ አውርዶ ያንብብ»

ፒዲኤፍ ሁሉ አንድ አይደለም። ማየት የተሳናቸው ሰዎች ኮምፒውተርና ስልክ የሚጠቀሙት ስክሪን ሪደር በሚባል፣ በገጹ ላይ ያለውን ጽሑፍ ወደ ድምፅ በሚለውጥ ሶፍትዌር ነው። ኤንቪዲኤ የተባለው በነጻ ይገኛል፤ አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የተሰኘው የድምፅ ማመንጫም አማርኛ ያነባል። ድምፁ የማሽን ድምፅ ነው፤ ለለመደው ጆሮ ግን አንድ አዋጅ ከዳር እስከ ዳር ለመስማት ይበቃል። ችግሩ ሶፍትዌሩ የሚያነበው ፊደልን እንጂ የፊደልን ፎቶ አለመሆኑ ነው። ስካን የተደረገ ደብዳቤ ለዓይናችን ጽሑፍ ይመስላል፤ ለኮምፒውተሩ ግን የጥቁርና የነጭ ነጥቦች ክምር ነው። ከምስል ላይ ፊደል ለቅመው የሚያወጡ ፕሮግራሞች መኖራቸው እውነት ነው፤ ቴሰራክት የሚባለው ነጻ ፕሮግራም አማርኛንም ይሞክራል። ነገር ግን ወረቀቱ ሲደበዝዝ፣ ሲጣመም ወይም ማኅተሙ ቃል ላይ ሲያርፍ ይስታል። ማኅተም የሚያርፈው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቀኑና ፊርማው አጠገብ ነው።

በእኛ አገር ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ወጥመድም አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው፦ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደልና የምልክት ኮድ ሲሆን የአማርኛ መልክ የሚያለብሰው ፎንቱ ነው። ለዓይን «ማስታወቂያ» የሚለው ቃል ለስክሪን ሪደር የተዘባረቀ የላቲን ፊደልና የምልክት ድርድር ነው። በዚህ መንገድ የተጻፉ ሰነዶች ዛሬም በቢሮ ኮምፒውተሮች ውስጥ ሞልተዋል፤ ከአሮጌ ፋይል ላይ ቅጹን ገልብጦ መሥራት የቆየ ልማዳችን ስለሆነ አዳዲሶችም ይወለዳሉ። መፈተሻው ቀላል ነው። ከሰነዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ገልብጣችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከመጣ ደኅና ነው። ባዕድ ምልክት ሆኖ ከመጣ ወዳጄ የሚሰማው እሱን ነው።

የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣንም እንውሰድ። አዋጆች የሚወጡት በሁለት ዓምድ ነው፤ አማርኛው በግራ፣ እንግሊዝኛው በቀኝ። ፋይሉ ውስጥ የንባቡ ቅደም ተከተል በትክክል ካልተቀመጠ አንባቢው ሶፍትዌር ግማሽ መስመር ከአማርኛው፣ ግማሽ መስመር ከእንግሊዝኛው እየቀላቀለ ሊያነብ ይችላል። መብቱን የሚደነግገውን አንቀጽ እንዲህ ተበጣጥሶ መስማት ምን ማለት እንደሆነ ለአፍታ አስቡት።

መፍትሔው ያለው ሰነዱ መጀመሪያ በሚጻፍበት ጠረጴዛ ላይ ነው። በዩኒኮድ መጻፍ። ርዕስን በማድመቅና በማተለቅ ብቻ ሳይተዉ ወርድ ውስጥ ያለውን የርዕስ ስታይል መስጠት፤ ማየት የተሳነው አንባቢ ከርዕስ ወደ ርዕስ እየዘለለ የሚፈልገውን ክፍል የሚያገኘው በዚያ ነው። ለሥዕልና ለሰንጠረዥ አጭር መግለጫ ማስገባት። በመጨረሻም ሰነዱን ወደ ፒዲኤፍ ስትለውጡ በህትመት ትእዛዝ ሳይሆን «ሴቭ አዝ» ብላችሁ ለውጡት፤ በህትመት በኩል ሲሄድ ያ የርዕስና የቅደም ተከተል መዋቅር ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

«ማኅተም የሌለው ሰነድ አይታመንም፤ ስለዚህ ስካን ማድረግ ግዴታ ነው»

ማኅተም ያለበትን ቅጂ አትለጥፉ ያለ የለም። ከሥሩ ጽሑፉን ጨምሩ ነው። ማስታወቂያው መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ ፊደል ሆኖ ተጽፏል። ያን ጊዜ ማንም ሊያነበው ይችል ነበር። ከዚያ በኋላ አተምነው፣ ፈረምንበት፣ ስካን አደረግነው፣ በእነዚህ ሁሉ ተጨማሪ ሥራዎች የማይነበብ አደረግነው። «ተደራሽ ማድረግ ተጨማሪ ሥራና ወጪ ነው» ሲባል የምከራከረው ለዚህ ነው። ለወረቀቱ፣ ለቀለሙና ለስካነሩ ገንዘብ የወጣው ሰነዱን ለመዝጋት ነው። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ገልብጦ ከፎቶው ሥር ማኖር ደቂቃ አይፈጅም፤ ኔትወርኩ ደካማ ለሆነበት የገጠር ተጠቃሚም ከፎቶ ይልቅ ጽሑፍ ቶሎ ይደርሳል።

«በብሬይል አሳትመናል፤ ግዴታችንን ተወጥተናል»

ብሬይል፣ በጣት በሚዳሰሱ ነጥቦች የሚጻፈው ጽሕፈት፣ ትልቅ ነገር ነው፤ ተማሪ ፊደልን በጣቱ የሚያውቅበት፣ ስም አጻጻፍን የሚያጣራበት። ነገር ግን በጎልማሳነቱ ማየት የተሳነው ሰው ብሬይል ላይማር ይችላል። በተጨማሪም የአማርኛ ብሬይል ተነባቢውንና አናባቢውን ለያይቶ ይጽፋል፤ በህትመት አንድ ፊደል የሆነው «ቡ» በብሬይል ሁለት ሕዋስ፣ ማለትም ሁለት የነጥብ ስብስብ፣ ይይዛል። ወረቀቱ ወፍራም፣ ነጥቡም ሰፊ ስለሆነ ቀጭን የነበረ መመሪያ ከባድ ጥራዝ ይሆናል። በተመረቀበት ቀን ለፎቶ የቀረበው የብሬይል ቅጂ መመሪያው ሲሻሻል አብሮ ካልተሻሻለ አንባቢው የተሻረ ሕግ ይዞ ይቀራል። በደንብ የተዘጋጀ የጽሑፍ ፋይል ካለ ግን ከዚያው ፋይል ብሬይልም፣ ድምፅም፣ በትልልቅ ፊደል የታተመ ቅጂም ማውጣት ይቻላል። ሥራው ከፋይሉ ይጀምር።

«መስማት የተሳነው ሰው ማንበብ ይችላል፤ ወረቀት ላይ ጻፉለት»

ይህን ብዙ ደግ ሰዎች ሲሉት ሰምቻለሁ። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በእጅ የሚነገር አማርኛ አይደለም። የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። ለስምና ለመሰል ቃላት የሚያገለግለው የጣት ፊደሉ ደግሞ የግዕዝን ሥርዓት ተከትሎ የተሠራ ነው፦ የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ይነግራል፣ እንቅስቃሴው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን አናባቢ ያሳያል። ሳየው ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ አንድ እጅ ይዘው ሰባቱን ቤት ይሄዱበታል። በምልክት ቋንቋ ላደገ ሰው አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ የቢሮ አማርኛ ደግሞ ለአፍ ፈቱም ቢሆን አዳጋች ነው። «ከላይ በተጠቀሰው ጉዳይ መነሻነት አስፈላጊው ማጣሪያ እንዲደረግ እናሳስባለን» የሚል ወረቀት መስኮት ላይ ቢሰጠው ምን እንዲያደርግ እንደተጠየቀ አይለይለትም። የሚያስፈልገው አስተርጓሚ ነው፣ ወይም ስለ አገልግሎቱ በምልክት ቋንቋ የተዘጋጀ አጭር ቪዲዮ። ወረፋ በስም ብቻ በሚጠራበት አዳራሽ ደግሞ ተራውን የሚያሳይ የቁጥር ሰሌዳ።

«መወጣጫ ሠርተናል»

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ሰዎችም፣ መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለሚከብዳቸውም የሚያመች መግቢያ እንዲኖራቸው አዟል። ስለዚህ ብዙ ቦታ አንድ የሲሚንቶ ዝንባሌ ደረጃው ጎን ተለጥፎ ታገኛላችሁ። በሰፊው የሚሠራበት ልክ ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው። እያንዳንዱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ አምስት ደረጃ 75 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ መወጣጫው 9 ሜትር መርዘም አለበት ማለት ነው። ሁለት ሜትር ላይ የተጨረሰውን ስታዩት በተሽከርካሪ ወንበር ብቻውን ሊወጣው የሚችል ሰው እንደሌለ ይገባችኋል፤ መውረዱማ ከመውጣቱ ይብሳል።

አንድ ጊዜ በተሽከርካሪ ወንበር የመጡ እናት አንድ ቢሮ ደጃፍ ላይ ቆመው አየሁ። ሁለት የጥበቃ ሠራተኞች በቅንነት «እናቴ፣ እኛ ተሸክመን እናስገባዎታለን» አሏቸው። እሳቸውም ነጠላቸውን ሰብስበው «እህል አይደለሁም ልጆቼ፤ ጸሐፊዋን ጥሩልኝ» አሉ። ጸሐፊዋ ወርዳ ጉዳያቸውን እዚያው ደጃፉ ላይ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ ጨረሰችላቸው። ጉዳያቸው የቤተሰብ ጉዳይ ነበር።

«ማየት የተሳነው ሰው ምስክር ካልያዘ መፈረም አይችልም»

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሕግ እየተጠቀሰ ነው የሚደረገው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 ላይ የሚለውን እንይ። ፊርማውን በእጁ መፈረም የማይችል ተዋዋይ የጣት አሻራ ያኖራል። መጻፍ የማያውቅ ወይም ማየት የተሳነው ሰው የጣት አሻራ ደግሞ አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ካላረጋገጠው ባለ አሻራውን አያስገድደውም። ድንጋጌው የሚናገረው ስለ አሻራ ነው፤ ሰውየውን ከማያውቀው ግዴታ ለመጠበቅ የተጻፈ ነው። በእጁ መፈረም የሚችለውን ሰው «ፊርማህን አንቀበልም» በሉት አይልም። ዘመድህን ጠርተህ ምስጢርህን አሰማ ማለትማ ከየት መጣ?

የዚያው ሕግ ቁጥር 340ም እንዲሁ ይጣመማል። መስማትና ማየት የተሳናቸው ሰዎች በጉዳታቸው የተነሣ ራሳቸውን ወይም ንብረታቸውን ማስተዳደር ካልቻሉ ሕጉ ለሌሎች የሰጠውን ጥበቃ ለራሳቸው ጥቅም ሊጠሩት ይችላሉ ይላል። ጠሪዎቹ እነሱ ናቸው። መስኮት ላይ የተቀመጠ ሠራተኛ አንሥቶ በር የሚዘጋበት አንቀጽ አይደለም። ከዚያ ወዲህም ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 12 አካል ጉዳተኞች ንብረት የማፍራት፣ የመውረስና የገንዘብ ጉዳያቸውን ራሳቸው የመምራት እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ አንቀጽ 9 እና 21 ደግሞ ተደራሽነትንና መረጃ ማግኘትን።

ታዲያ ሠራተኛው ምን ያድርግ? ሰነዱን ቀድሞ በፋይል ይላክ፤ ባለጉዳዩ በስክሪን ሪደሩ አንብቦ ይምጣ። ካልሆነም ቃል በቃል ይነበብለት፣ የሚፈረምበት ቦታ በካርድ ጠርዝ ይመላከት፣ ቅጂውን ይዞ ይሂድ።

«ቁጥራቸው ትንሽ ነው»

በ1999 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ አካል ጉዳተኞችን ከመቶ አንድ ገደማ አድርጎ መዝግቧል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ደረጃ የሚገምተው ግን ከመቶ 16 ነው። ልዩነቱ በዋናነት የመጣው ከአጠያየቅ ነው። «ቤት ውስጥ አካል ጉዳተኛ አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ቤተሰብ ይደብቃል፤ ዓይናቸው የደከመ አባትና ጉልበታቸው የተያዘ አያትም በዚህ ስም አይጠሩም። እነዚያ አባት ግን የግብር ማስታወቂያው ፊደል ስላነሰባቸው ልጃቸውን ያስነብባሉ።

«እስካሁን አቤት ያለ የለም»

አቤቱታ ማቅረቢያው የወረቀት ቅጽ፣ ሣጥኑም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከሆነ አቤት ባይ አለመኖሩ ምንም አያረጋግጥም። መንገዱ ግን አለ። የመረጃ ነጻነትን በሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት መረጃ ተከልክያለሁ የሚል ሰው ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም መሄድ ይችላል። የመብት ጥሰት ሲሆን ደግሞ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አለ። ከዚያ በፊት ስልክ መደወልም ይሠራል። ወዳጄ የዚያኑ ቀን ከሰዓት ማስታወቂያውን ወዳወጣው መሥሪያ ቤት ደውሎ ጽሑፉን በጽሑፍ እንዲልኩለት ጠየቀ። ስልኩን ያነሣችው ጸሐፊ «ወንድሜ፣ ፋይሉ እኮ እዚሁ ኮምፒውተሬ ላይ ነው» ብላ ወዲያው ላከችለት። እሱም አዳመጠው፤ ሦስተኛውን መስፈርት ሁለት ጊዜ አስደገመው። ያን መስፈርት እኔ ሳነብለት ዘልዬው ኖሯል።