በአዲስ አበባ መኖሪያ ቤቶች ፍተሻ ላይ ዘወትር የሚገኙ ጉድለቶች

በአዲስ አበባ ቤት ሲገዛ በቅድሚያ የሚመረመረው ሰነዱ ነው። ገዢው ካርታውን፣ የዕዳና እገዳ ማረጋገጫውን፣ የሻጩንም የጋብቻ ሁኔታ በጥንቃቄ ያጣራል፤ የቤቱን አካል ግን አንድ ጊዜ ተዘዋውሮ አይቶ ይዋዋላል። አካሉን የሚፈትሽ ሰው ሲጠራ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በሥራ ያደገ ፎርማን ወይም ግንበኛ ሲሆን፣ እውቀቱም በጽሑፍ ሳይሆን በእጅ ሲተላለፍ የቆየ ነው። ከዚህ በታች የቀረበው ይህን እውቀት ለማሰባሰብ የተደረገ ሙከራ ነው። ስለ ጭቃ ቤትና ስለ ኮንዶሚኒየም በሰፊው የተጻፈውም ባለሙያዎች አዘውትረው የሚጠሩት ወደ እነዚህ ስለሆነ ነው።

ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ የቤት ሥራ ዋና እንጨት ሆነ። በጭቃ ቤት የባሕር ዛፍ ቋሚዎች በመሬት ይተከላሉ፣ በማገር ይያያዛሉ፣ ከዚያም ከጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት የሰነበተ ጭቃ ይመረግባቸዋል። በፍተሻ በብዛት የሚገኘው ጉድለት የቋሚው እግር መበስበስ ነው፤ እንጨቱ ከአፈር ጋር በሚገናኝበት ቦታ እርጥበትና ምስጥ ሲበሉት ግድግዳው በዝግታ ይሰምጣል፣ በሩም ደፉን እየነካ አልዘጋ ይላል። አዋቂ ፈታሽ የግድግዳውን ግርጌ በመዶሻ እጀታ እየመታ ያዳምጣል፤ ጤነኛው ጠንካራ ድምፅ ሲሰጥ የተበላው ባዶ ድምፅ ያሰማል። ሁለተኛው ጉድለት በጭቃው ላይ የሚደረግ የሲሚንቶ ልስን ነው። ሲሚንቶው ከጭቃው ጋር እኩል ስለማይነፋና ስለማይኮማተር፣ እርጥበቱንም ወደ ውጭ እንዳይተን ስለሚያፍነው፣ ከጥቂት ክረምት በኋላ እንደ ቅርፊት ተላቆ ይወድቃል። ጣሪያው አጭር ሆኖ አሸንዳ ከሌለው ደግሞ ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ መሬት ነጥሮ የግድግዳውን ግርጌ ያጥባል።

ጭቃ ቤት በተፈጥሮው ደካማ ነው የሚለው አስተያየት ትክክል አይደለም። በድንጋይ ውሃ ልክ (ከመሬት ከፍ ብሎ በተገነባ የድንጋይ መሠረት) ላይ የቆመና በየጊዜው የሚመረግ ጭቃ ቤት ትውልድ ተሻግሮ እንደሚኖር የከተማዋ አሮጌ ቤቶች ይመሰክራሉ። ጉዳቱ የጠናው በጥገና መቋረጥ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች ወደ መንግሥት ከተዛወሩ በኋላ የቀበሌ ቤቶች ኪራይ እጅግ ዝቅተኛ ስለነበር ለእድሳት የሚበቃ ገንዘብ አልተገኘም።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተሠሩት የድንጋይ ቤቶች በዋናነት የሚገኘው ጉድለት የሳንቃ ወለል መበስበስ ነው። ዘመኑ ለሙያው የተወው ግን ብዙ ነው፤ ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል ወይም ጣሪያ)፣ ፌሮ (በኮንክሪት ውስጥ የሚገባ ብረት)ና ካሳፎርማ (ኮንክሪት የሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ) የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ሲሆኑ፣ የእኛ ግንበኞችም የራሳቸው አድርገዋቸዋል።

በምሥራቅና በደቡብ የከተማዋ ክፍሎች፣ በተለይም በቦሌ፣ በሲኤምሲና በአቃቂ አካባቢ፣ ችግሩ የሚጀምረው ከመሬቱ ነው። ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። አፈሩ ተቆፍሮ ሳይወጣና ገረጋንቲ በሚባል ጠጠራማ ሙሌት ሳይተካ መሠረት ከተጣለ፣ የብሎኬቱ ግድግዳ መጋጠሚያዎቹን ተከትሎ እንደ ደረጃ ይሰነጠቃል፣ የመስኮት ማዕዘኖችም በሰያፍ ይከፈታሉ። በልስን ላይ ብቻ ያለ የፀጉር ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ አያሰጋም፤ ከውስጥም ከውጭም የሚታይና በየዓመቱ የሚሰፋ ስንጥቅ ግን የመሠረት ጉዳይ ነው። ይህን ለመለየት የስንጥቁን ሁለት ጫፎች በእርሳስ አስምሮ፣ ስፋቱንና ቀኑን ጽፎ ከወራት በኋላ እንደገና መለካት ይረዳል።

የጋራ መኖሪያ ቤቶች (ኮንዶሚኒየም) ግንባታ በ1996 ዓ.ም. በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ በቦሌ ገርጂ በሙከራ ተጀምሮ በፍጥነት የተስፋፋ ሲሆን፣ ብዙ ሺህ ቤተሰቦችን የቤት ባለቤት ያደረገ ታላቅ ሥራ ነው። ቤቶቹ በብዛት ማጠናቀቂያቸው ሳያልቅ ለባለዕድለኞች ስለሚተላለፉ፣ ሴራሚኩን፣ የውስጥ በሩንና ቀለሙን የሚያሠራው ባለቤቱ ነው። አብዛኛው ጉድለትም የሚወለደው በዚህ ጊዜ ነው። ክፍል ለማስፋት ግድግዳ ሲፈርስ፣ ቱቦ ለመቅበር ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ወይም ኮለን (ቋሚ ምሰሶ) ሲቦረቦር ፌሮው ይጋለጣል፣ ከዚያም ይዝጋል። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ውሃ የሚከላከል ሽፋን ሳይደረግለት ሴራሚክ ከተነጠፈበት፣ ፍሳሹ በታችኛው ጎረቤት ኮርኒስ ላይ ቢጫ እድፍ ሆኖ ይወጣል። ለክፍል መለያ የገባው አግሮስቶን (ከእርሻ ተረፈ ምርት የሚሠራ የግድግዳ ሰሌዳ) ጥራት አከራካሪ ነው፤ አንዳንድ ነዋሪዎች በእርጥበት ይፈረፈራል ይላሉ፣ ይሁን እንጂ ችግሩ ከምርቱ ይልቅ ከአገጣጠሙ ሊሆን ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ጣሪያው፣ ደረጃውና ዋናው የሕንፃ አካል የጋራ ንብረት ናቸው። በመሆኑም የላይኛውን ፎቅ የሚገዛ ሰው የቤቱን ውስጥ ብቻ ሳይሆን የሕንፃው ነዋሪዎች ማኅበር ለጥገና የሚያዋጣ መሆን አለመሆኑንም ቢጠይቅ ይጠቅመዋል።

የኤሌክትሪክ ጉድለት በሁሉም ዓይነት ቤት ይገኛል፤ ዋናው መንስኤም የእንጀራ ምጣድ ነው። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት ላይ 16 አምፔር ያህል ይስባል። ይህን ጭነት ለመብራት በተዘረጋ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ላይ መጫን ሽፋኑን ሊያቀልጥ ይችላል፤ ስለዚህ ምጣድ ከብሬከሩ የሚነሳ የራሱ ወፍራም መስመር ያስፈልገዋል። ሶኬቱ የጠቆረ ወይም ሲነካ የሚሞቅ ከሆነ ጉዳቱ ጀምሯል። የመሬት መስመር በአሮጌ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም፣ በአዳዲሶቹም ሽቦው ተዘርግቶ ከምድር ጋር ያልተያያዘበት ጊዜ አለ።

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ በየቤቱ አለ። 1,000 ሊትር ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል፤ ይህን ክብደት ለዚያ ባልታሰበ ሶሌታ ወይም በቀጭን የብረት ማቆሚያ ላይ መስቀል አደገኛ ነው።

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ በአዲስ አበባም ከተሰማ ወዲህ፣ ነዋሪዎች ስንጥቅ ባዩ ቁጥር ምክንያቱን ከእርሱ ጋር ማያያዝ ጀምረዋል። አንዳንዱ ስንጥቅ ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ በውስጡ አቧራ ወይም የሸረሪት ድር የያዘው ግን በቅርቡ የተከፈተ ላይሆን ይችላል።

ለፍተሻ የሚመረጠው ወቅት ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ የጣሪያ ማፍሰስና የግድግዳ እርጥበት በዓይን የሚታዩት ያኔ ነው። በበጋ የሚፈትሽ ሰው የመታጠቢያ ቤቱን ማፍሰሻ በጨርቅ ደፍኖ፣ ወለሉ ላይ ጥቂት ውሃ አቁሮ ለ24 ሰዓት ይተወዋል፤ በማግሥቱም የታችኛውን ጎረቤት አስፈቅዶ ኮርኒሱን ያያል።